እርሱ ከሰማይ ወረደ፤ እኛ ከፎቅ እንውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ ዘወረደ ይባላል። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ይህን ስም የሰጠው አምላካችን እኛን ሽቶ ከሰማይ መውረዱን እንድናስብ ነው። በዕለቱ የሚነበበው ወንጌልም ጌታ ከሰማይ ስለ መውረዱ ለኒቆዲሞስ የነገረው ነው (ዮሐ. 3)። ዛሬ ግን ስለ አንድ ትንሽ መውረድ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ፤ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ስለ መውረድ። አትሳቁብኝ። ለእኔ ከባድ ነበር።

የራሴን በደል ላስቀድም

ከወንድሜ ጋር ኮንዶሚኒየም ተከራይተን አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ከእኛ ሥር በዕድሜ ታላቅ እኅቴ የምትሆን፥ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ነርስ አለች። እኔ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ መዝሙር በስፒከር ከፍቼ ቤት አስተካክላለሁ፤ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን ከሆነም ጀሪካን እየሞላሁ ወለሉ ላይ እጎትታለሁ። እርሷ ደግሞ ከአዳር ሥራ ተመልሳ የምትተኛው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

አንድ ቀን አንኳኳችና «ዲያቆን፥ እባክህ ትንሽ ቀንስልኝ» አለችኝ። ቀነስኩ፤ በሦስተኛው ቀን ረሳሁት። ደግማ ስትመጣ «ቀን እኮ ነው! በቀን መዝሙር መስማት ማን ይከለክለኛል?» አልኳት። በዚህ አልቆመም። ነገሩ በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሲነሣ «መዝሙር ሲሰማ የሚናደድ ማን እንደሆነ እናውቃለን» ብዬ ጻፍኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። እኔ ለሃይማኖቴ የተሟገትኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳ ግድግዳውን እያየን እንተላለፍ ነበር።

የዘወረደ ዕለት በቅዳሴ የማገልገል ተራው የእኔ ነበር። ሕዝቡ እርስ በርሱ የሰላም ሰላምታ እንዲለዋወጥ የሚያውጀው ዲያቆኑ እንደሆነ ታውቃላችሁ። አውጄ ቀና ስል ያቺ ጎረቤቴ በሴቶች መቆሚያ በኩል ነጠላዋን አጣፍታ፥ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እጅ እየነሣች አየኋት። እርሷ እኔ ያወጅኩትን ፈጸመች፤ እኔ ያወጅኩትን እኔ አልፈጸምኩም። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር ይታረቅ የተባለው ሰው (ማቴ. 5፥23-24) ሌላ ማንም አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ማታ ወረድኩ። ደረጃው ዐሥራ ስምንት ነው፤ ያን ቀን ቆጥሬዋለሁ። በሩን ስትከፍት «እትዬ፥ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና እንዲህ አለች፦ «መዝሙሩን የጠላሁት መሰለህ? እኔም በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ዘምሬአለሁ። እንቅልፍ ሳልተኛ ሥራ ስገባ ለበሽተኛ መድኃኒት እንዳልሳሳት ነው የምፈራው። ግሩፑ ላይ የጻፍከውን ግን ልጄ አነበበችው።»

ምእመናን፥ እኔ «መብቴ» ያልኩት ነገር በማላውቀው በሽተኛ አልጋ ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነበር። ልጅ ስለ እናቷ ክፉ ቃል ያነበበችውም ከዲያቆን እጅ ነው።

ጎረቤት በዕጣ ሲመጣ

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ በገርጂ ከተጀመረ ወዲህ ስንቱ ሕዝብ ከመንደርና ከግቢ ኑሮ ወደ ፎቅ ገባ! ጀሞ፥ ሰሚት፥ የካ አባዶ፥ ኮዬ ፈጬ… በግቢ ኑሮ ቡና ሲፈላ በሩ ክፍት ነበር፤ ጠብ ቢነሣም ዕለቱን የሚገላግል ሽማግሌ ከአጥሩ ሥር አይጠፋም። ፎቅ ላይ ግን በሩ ይዘጋል። የጎረቤታችን ስም ሳይቀር አይታወቅም፤ የምናውቀው ድምፁን ብቻ ነው፤ ሙቀጫውን፥ የልጆቹን ሩጫ፥ የሚያንጠባጥበውን ውኃውን። ሰውን በድምፁ ብቻ ካወቅነው መውደድ ይከብዳል።

ቤቱ የደረሰን በዕጣ ነው። ቤት ሲወጣልን «እግዚአብሔር ሰጠኝ» ብለን ስለት አስገብተናል፥ እልል ብለናል። ታዲያ ቤቱን የሰጠን እግዚአብሔር ከሆነ ከላይና ከታች ያለውን ጎረቤትስ የሰጠን ማን ነው? ጠቢቡ ሰሎሞን ሰው ዕጣን ቢጥልም ውሳኔው የእግዚአብሔር እንደሆነ አስተምሮናል (ምሳ. 16፥33)። ቤቱን ከእግዚአብሔር፥ ጎረቤቱን ግን ከሰይጣን እንደተቀበልን አድርገን አንኑር።

ይስሐቅና የውኃው ጉድጓድ

የጎረቤት ጠብ አዲስ ነገር አይደለም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 26 አባታችን ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ውኃ ሲገኝ የአገሩ እረኞች «የእኛ ነው» ብለው ተጣሉት። ሌላ አስቆፈረ፤ በእርሱም ተጣሉት። ይስሐቅ ከዚያ ርቆ ሦስተኛ አስቆፈረ፤ በእርሱ ላይ ግን ጠብ አልተነሣም፤ እግዚአብሔር ስፍራ አሰፋልን ሲል ርኆቦት ብሎ ጠራው። በኋላም ያሳደዱት ሰዎች ከንጉሣቸው ከአቤሜሌክ ጋር መጡ፤ ይስሐቅ ግብዣ አደረገላቸው፤ በማግሥቱ ተማምለው በሰላም ተለያዩ። በዚያው ቀን የይስሐቅ ሎሌዎች ውኃ ማግኘታቸውን አበሠሩት።

ይህ ታሪክ ስለ እኛ ብሎክ የተጻፈ አይመስላችሁም? ስንቱ ጠብ በሮቶና በዲናሞ፥ በፈረቃ ውኃና ባልተከፈለ መዋጮ የተነሣ ነው! «ይስሐቅ እኮ ርቆ መሄድ ይችል ነበር፤ እኔ ቤቴን ተሸክሜ የት እሄዳለሁ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ይስሐቅ የተወው ጉድጓዱን ብቻ ሳይሆን «የእኔ ነው» የሚለውን ክርክር ጭምር ነው። ቤታችንን መተው አንችልም፤ ክርክሩን ግን መተው እንችላለን።

አቤሜሌክ ደግሞ የይስሐቅ ወገን አልነበረም። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን ተገናኝተው ነበር። ሙስሊም ጎረቤታችን ለስሑር ሲነሣ የድስቱ ድምፅ ቀሰቀሰን ብለን ያጉረመረምን ሰዎች የእኛ መዝሙርስ ማንን ይቀሰቅስ ይሆን? ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በእኛ በኩል እስከተቻለ ድረስ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም እንድንኖር አዝዞናል (ሮሜ 12፥18)። «ከሰው ሁሉ» ሲል ማንንም ለይቶ አላስቀረም።

እንዴት እንታረቅ?

ሀ) አስቀድመን እኛ እንሂድ። ጌታ በማቴዎስ 5 ያለውን ልብ በሉ። አንተ የተቀየምከው ወንድም ቢኖር አላለም፤ በአንተ የተቀየመ ወንድም እንዳለህ ብታስብ ነው ያለው። «እኔ ምን አደረግሁ? እርሷ ትምጣ» ማለት እንግዲህ አያዋጣም።

ለ) ለብቻችን እንሂድ። ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ ንገረው ነው የተባለው (ማቴ. 18፥15)። ግሩፕ ላይ መጻፍ፥ ከኮሚቴ ጀምሮ እስከ ጥበቃው ድረስ ማማት ሥርዓቱ አይደለም። ንዴታችን እስኪበርድ ጥቂት እንታገሥ፤ ነገር ግን ወር አናሳድረው።

ሐ) የተበላሸውን እንጠግን። ዘኬዎስ «ይቅርታ» ብቻ ብሎ አልተቀመጠም፤ የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። ከሽንት ቤታችን የሚያንጠባጥበው ውኃ የታችኛውን ሰው ጣራ አበላሽቶ ከሆነ የቧንቧ ሠራተኛውን እንጥራ፥ የቀለሙንም እንክፈል። ክፉ ቃል የተናገርነው በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም በሰው ፊት ይሁን።

መ) ካልሆነ ሽማግሌ እንጨምር። አንድ ወይም ሁለት አስታራቂ፥ ሁለታችንንም የሚያውቅ አባት፥ የንስሐ አባታችንም ቢሆኑ። በመጽሐፈ ዲድስቅልያ የተጣሉ ምእመናን ነገር ሰኞ እንዲታይ፥ እስከ ሰንበት ባለው ጊዜም እርቁ እንዲፈጸም አባቶቻችን ሥርዓት ሠርተዋል። ሳምንቱን የሰጡን ለእርቅ ነው።

ሠ) ደንቡንም እናክብር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 370 የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቶ፥ የቤቶቹ ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ደረጃው፥ ኮሪደሩ፥ ጣራው የሁላችን ነው። ኮሪደሩን ዕቃ ማስቀመጫ አድርጎ «ምን ታመጣላችሁ» የሚልን ሰው ዝም ማለት እርቅ አይደለም፤ በፍቅር ይነገረው፤ እንቢ ካለም ማኅበሩ ይየው። በተለይ ተከራይ ነው፥ አቅም የለውም ተብሎ የሚገፋ ጎረቤት ካለ ከእርሱ ጎን እንቁም። ሰላም ማለት ደካማው እንባውን ዋጥ ማድረጉ አይደለም።

የጾማችን ነገር

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እየጾመ የሚጣላውንና የሚከራከረውን ሕዝብ ይወቅሳል፤ እንዲህ ያለ ጾም ድምፅን ወደ ላይ እንደማያሰማ ይናገራል። ወገኖቼ፥ 55 ቀን ከሥጋና ከወተት መከልከል ለብዙዎቻችን ቀላል ሆኗል። ከአንዲት «እኔ ነኝ ትክክል» ከምትል ቃል መጾም ግን እንዴት ይከብዳል! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንበላ ቆይተን ደረጃ ላይ ሰላምታ የነፈግነው ሰው ካለ ጾማችን ከበራችን አልወጣም።

ከዚያ ማታ በኋላ ይቅርታዬን እዚያው ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። መጻፉ ከመውረዱ የባሰ ከብዶኝ ነበር። ከንስሐ አባቴም ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። እርሷ ደግሞ የወሩን የአዳር ተራዋን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፤ ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ለጥፌዋለሁ። በእነዚያ ቀናት መዝሙሩን በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ፤ ጀሪካኑንም ተሸክሜ ነው የማነሣው። ልጇ ግን እስካሁን ደረጃ ላይ ስታየኝ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች። ቃሌ የሠራው ቁስል ገና አልዳነም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሰላምታውን የምጀምረው እኔ ነኝ።

እናንተስ? ከላይ ናችሁ ወይስ ከታች? የትንሣኤ ዕለት «እንኳን አደረሰህ» ማለት የሚያሳፍራችሁ ጎረቤት ካለ እስከዚያ አትጠብቁ፤ ዛሬ ማታ ሂዱ። የሰማይን ያህል ርቀት የወረደ ጌታ ዐሥራ ስምንት ደረጃ ለመውረድ ኃይል አይነሣንም።

የይስሐቅን ጉድጓድ ያሰፋ አምላክ ጠባቡን ኮሪደራችንን በፍቅር ያስፋልን። ጾሙን የኃጢአት መደምሰሻ፥ የእርቅ መጀመሪያ ያድርግልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።