አሞራው በላባው

መንዝ የጦርና የጋሻ አገር ነበር። ጦር ደግሞ ላባ አያሻውም፤ የብረቱ ክብደት ከፊት እየመራው ረጅሙ ዘንግ ይከተላል። ፍላጻን መንዜ ይበልጡን የሚያውቀው ከዳዊቱ ነው። በ90ኛው መዝሙር ላይ የሚጋርድ ክንፍና በቀን የሚበርር ፍላጻ ተከታትለው ይመጣሉ። በፍላጻ ሠሪው እጅም አይለያዩም፤ ቀጭኑ ፍላጻ መንገዱን የሚይዘው ከወፍ ክንፍ በተገኘ ላባ ነውና።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የላባው አገዳ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ይስተካከላል፤ ከዚያ ሦስት ክፋይ በዘንጉ ጭራ ዙሪያ በእኩል ርቀት በሙጫ ተለጥፎ በጅማት ወይም በክር ይጠመጠማል። የላባው ሥር ወደ ፍላጻው ብረት፣ የላባው ጫፍ ወደ ደጋኑ ገመድ ይዞራል፤ ቢገለበጥ ነፋሱ ይበታትነዋል። ሦስቱም ከአንድ ወገን ክንፍ መሆን አለባቸው። የቀኝ ክንፍ ላባ ወደ አንድ ጎን፣ የግራው ወደ ሌላው ይጎብጣል፤ በአንድ ዘንግ ላይ ቢገናኙ እርስ በርስ ይሟገታሉ። ተስማምተው ከተቀመጡ ግን ፍላጻው ዘመም ባለ ቁጥር ነፋሱ የላባውን ጎን ገፍቶ ጭራውን ወደ መስመሩ ይመልሰዋል፤ ጉብጠቱም ዘንጉን እያሾረ ያቀናዋል።

የሰው ድርሻ እንግዲህ መሰንጠቅ፣ መለጠፍና ማሰር ነው። የቀረው ሁሉ አስቀድሞ ተሠርቶ አልቋል። ላባ እንደ ጥፍራችን ከቆዳ የሚበቅል ነው፤ ግን እዩት! ከአገዳው ግራና ቀኝ ቀጫጭን ዘርፎች ይወጣሉ፣ ከየዘርፉ ደግሞ ዓይን የማይለያቸው ሌሎች፤ በእነዚያም ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉ፤ አንዱ የጎረቤቱን ይይዛል። በጣት ቢለያዩት ይቀደዳል፤ መልሰው ቢዳብሱት እንደ ዚፕ ይገጥማል። ወፍ በምንቃሯ ላባዋን ስታበጥር የምትሠራው ይህንኑ ነው። የትኛው ሸማኔ ነው በመዳበስ ብቻ የሚጠገን ጨርቅ የሠራ?

ይህ የላባ ጥበብ በሙላት የሚታየው በዚያው በመንዝ፣ በጌራ ምድር ባለው በጓሳ ሜዳ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት ቀሮ በሚባል የሕዝቡ የጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው ይህ ሜዳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሲሶ ያህል የሳሳ ነው። በዚያ ስስ አየር ላይ ጢማሙ አሞራ ክንፉን ሳያማታ ይንሳፈፋል። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። የክንፉ ትልልቅ ላባዎች ነፋሱን በሚቀድመው ጎን ጠባብ፣ ከኋላ ሰፊ ናቸው፤ ልኩን ማን ለካላቸው? አጥንት ይዞ ይወጣል፣ ከድንጋይ ላይ ይለቅቀዋል፣ ወርዶ ቅልጥሙን ይበላል። ጌጥም አይጠላም፤ የደረቱን ነጭ ላባ ብረት በበዛበት ቀይ ጭቃ ያቀልመዋል።

ላባ ግን ያረጃል። ፍላጻ ሠሪው የተበላውን ለመተካት ዘንጉን ከጉልበቱ ላይ አስተኝቶ ክሩን መፍታት አለበት፤ እስኪጨርስ ፍላጻው ከሥራ ውጪ ነው። አሞራው የሚያርፍበት ቀን አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ያረጁት ላባዎች በአንድ ጊዜ አይረግፉም፤ ጥቂት ጥቂት እየወደቁ በቦታቸው አዲስ ይበቅላል፤ እርሱም በዚያ ሁሉ ጊዜ እየበረረ አጥንቱን ይለቅማል።