ፍትሕ ከአዛዡ በፊት

ጠያቂ፦ የኔታ፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሕግ ትምህርት ቤት ገብቼም ብዙ የተለየ ነገር አላገኘሁም፤ ሕግ ማለት ሥልጣን ያለው አካል ያወጀው ነው ተባልሁ። ታዲያ ሕግ አውጪው ራሱ ሲበድል በምን እንይዘዋለን?

መምህር፦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ይህንኑ አጥብቀው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ግን የተረቱን ወገን በቅጡ እንስማው። ቶማስ ሆብስ «ሌዋታን» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1651 ሲያሳትም፣ አገሩ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ደቅቃ፣ ንጉሧ ቀዳማዊ ቻርልስ አንገቱን ከተቀላ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም የሚያስፈራ አንድ ኃይል እስካልቆመ ድረስ ፍትሕም በደልም የሚባል ነገር የለም አለ። አቃልለህ አትለፈው፤ መንግሥት ሲፈርስ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ክርክር ነው።

ጠያቂ፦ ማን መለሰለት?

መምህር፦ ብዙዎች። እኔ የምወደው የላይብኒዝን መልስ ነው። በሂሳብ ሊቅነቱ ታውቀው ይሆናል፤ የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘው ግን በሕግ ነው፣ ያውም በ20 ዓመቱ። ክርክሩን የጀመረው ከላይ፣ ከእግዚአብሔር ነው። አንድ ነገር መልካም የሚሆነው እግዚአብሔር ስለፈቀደው ብቻ ከሆነ፣ ተቃራኒውን ቢያደርግም ያው መልካም ሊባል ነው፤ ታዲያ ስለ ምን እናመሰግነዋለን? ብሎ ጠየቀ። ለእሱ የፍትሕ እውነት እንደ ቁጥር እውነት ነው፤ በማንም ትእዛዝ አልተፈጠረም፣ በማንም ትእዛዝ አይሻርም። «ስለፈለግሁ ነው» የሚለው መልስ ለፈጣሪ እንኳ ካልበቃ፣ ለንጉሥ እንዴት ይበቃል?

ጠያቂ፦ ቁጥርማ ይቆጠራል። ፍትሕን ግን ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ቢያስቡት ሁለት መልስ ይዘው ይነሣሉ።

መምህር፦ መለኪያ ሰጥቷል፦ ራስህን በሌላው ቦታ አስቀምጥ የሚል። እንደ ምክር ብቻም አልተወውም፤ ደረጃ በደረጃ አስኬደው። እኔ በራሴ ምሳሌ ላስረዳህ። «ማንንም ካልጎዳሁ ይበቃኛል» የሚል ሰው አለ እንበል። ይህንኑ ሰው ጎርፍ ይዞት ሲሄድ፣ ዳር የቆመው መንገደኛ ገመድ በእጁ እያለ ዝም ቢለው፣ «እኔ አልገፋሁትም» በሚለው ምክንያት ይስማማል? አይስማማም፤ ያማርራል። ምሬቱ ተገቢ ከሆነ ደግሞ የመንገደኛው ዝምታ በደል ነው። ጉዳትን መከላከል የሚገባን ከሆነ፣ ሳንቸገር ልናደርገው የምንችለውን በጎ ነገር መከልከልስ? እንዲህ እያለ ከ«አትጉዳ» ተነሥቶ «ጥቀም» ላይ ይደርሳል። ፍትሕን ሲበይነውም የጥበበኛ ሰው ፍቅር ነው አለ። ሕግን ከፖሊስና ከእስር ቤት ጋር ብቻ ለምናያይዝ ለእኛ እንግዳ ይመስላል፤ እኔ ግን በሙሉ ልቤ እቀበለዋለሁ።

ጠያቂ፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ሰው በእርግጥ በአእምሮው ይመራል? ሕዝብ ሲቆጣ አይተን የለ?

መምህር፦ የዚያው ዘመን ፈላስፋ ስፒኖዛም ይህንኑ በሚኖርበት ከተማ፣ ሄግ ውስጥ አይቷል። ኦገስት 20 ቀን 1672 ነው። ሆላንድን ለ20 ዓመት ገደማ የመራው ዮሐን ደ ዊት የታሰረ ወንድሙን ኮርኔሊስን ሊጠይቅ ሄደ። ፈረንሳይ አገሪቱን ወርራለች፤ ሕዝቡ ጥፋቱን በወንድማማቾቹ ላይ ጥሏል። እስር ቤቱን ከብቦ ሁለቱንም አውጥቶ ገደላቸው፤ ሬሳቸውን ሰቅሎ ቆራረጠው። ስፒኖዛ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሊጎበኘው ለመጣው ለላይብኒዝ እንደነገረው፣ ገዳዮቹን ከአረመኔ ሁሉ የከፉ የሚል ጽሑፍ ይዞ ሌሊቱን ቦታው ላይ ሊለጥፍ ተነሣ። አከራዩ በር ቆልፎ አስቀረው።

ጠያቂ፦ በአእምሮ የሚያምን ሰው፣ በቁጣ ሊሞት?

መምህር፦ አዎ። በኋላ ግን «የፖለቲካ ድርሳን» ብሎ በጀመረው መጽሐፍ፣ ፈላስፎች ሰውን እንዳለ ሳይሆን እንዲሆን እንደሚመኙት ይሥሉታል ብሎ ወቀሰ። የመንግሥት ደኅንነት በአንድ ሰው ቅንነት ላይ ከተንጠለጠለ አይጸናም፤ ባለሥልጣኑ አእምሮውን ቢከተልም ስሜቱን ቢከተልም እንዳይበድል አድርጎ ሥርዓቱን ማበጀት ያስፈልጋል አለ። ለንጉሣዊ አገዛዝ እንኳ ንጉሡ ብቻውን የማይወስንበት ሰፊ ምክር ቤት ነድፎለታል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። እነዚህ ሰዎች በአእምሮ ስላመኑ ሰው ሁሉ አስተዋይ ነው ያሉ ይመስለናል፤ ስፒኖዛ ግን ሕግን ያሰበው አስተዋይ ላልሆነበት ቀን ነው።

ጠያቂ፦ አደገኛ ሐሳብ የሚነዛውንስ ዝም ማሰኘት አይሻልም?

መምህር፦ ስፒኖዛ አይሻልም ባይ ነው። በ1670 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን አልያዘም፤ አምስተርዳም ታትሞ ሽፋኑ ላይ ሐምቡርግ ይላል። ለምን መሰለህ? ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወዳጁ አድሪያን ኩርባህ፣ ሃይማኖትን የሚተች መጽሐፍ በሕዝቡ ቋንቋ ስለጻፈ፣ ታስሮ እዚያው ሞቷል። ስፒኖዛ በዚህ መጽሐፍ አፍን በሕግ መዝጋት ሰውን ሌላ እያሰበ ሌላ እንዲናገር ያስተምረዋል ብሎ ተከራከረ። በ1674 መጽሐፉ ታገደ።

ጠያቂ፦ እንከን የለበትም ማለት ነው?

መምህር፦ አለበት፣ ያውም ከባድ። በ1677 ሲሞት «የፖለቲካ ድርሳን» አላለቀም ነበር። የተቋረጠው ስለ ዴሞክራሲ መጻፍ እንደጀመረ ነው፤ የመጨረሻ ገጾቹ ደግሞ ሴቶች ከሥልጣን ለምን እንደሚገለሉ የሚያስረዱ ናቸው። ማስረጃው ወንዶችና ሴቶች አብረው የገዙበት አገር አልታየም የሚል ነው። ሥነ ምግባርን እንደ ጂኦሜትሪ ያረጋገጠ ሰው እዚህ ሲደርስ ልማድን አይቶ ተፈጥሮ ነው አለ። ባነበብሁት ቁጥር ያናድደኛል።

ጠያቂ፦ የዘመኑ ሰው ነው ብለን እንለፈው?

መምህር፦ አንለፈውም። በ1673 ፓሪስ ላይ ፍራንሷ ፑላን ደ ላ ባር የተባለ ወጣት የሁለቱን ጾታ እኩልነት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የፈላስፋውን የዴካርትን መንገድ ተከትሎ፣ ሳንመረምር የተቀበልነውን ሁሉ እንመርምር አለና፣ የሴት የበታችነት የተባለውን ሁሉ ልማድ ሆኖ አገኘው። አእምሮ ጾታ የለውም፣ ሴት ብትማር ዳኛም መምህርም የጦር አዛዥም ትሆናለች ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ስፒኖዛን የምንወቅሰው በዛሬው ሚዛን ብቻ አይደለም፤ ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት፣ አእምሮን ዳኛ ባደረገ ሌላ ሰው እጅ የተሻለው መልስ ታትሞ ነበር።