የጁሙዓ ማስታወሻ፦ «ልጄ» ቢሉኝ ደስ ይለኛል

ሱረቱል ካህፍን ያልቀራ ይቅራ፤ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይም ሰለዋት እናብዛ።

ዛሬ ትንሽ ስለምትመስል ነገር እናውራ። ከቤት ወጥተህ እስክትመለስ ድረስ የማያውቁህ ሰዎች በስንት ስም ይጠሩሃል? የታክሲው ረዳት «ወንድሜ ጠጋ በል» ይልሃል። ባለሱቁ «አለቃ» ይልሃል። ጉልት ላይ ያሉት እናት ደግሞ «የኔ ጌታ»። አንቺም እህቴ፣ «እናቴ»፣ «የኔ ቆንጆ»፣ «ማሬ» ስትባዪ ትውያለሽ። አረብ አገር ሰርታ የተመለሰች ዘመድ ካለችሽ ጠይቂያት፤ እዚያም ባለሱቁ ለማያውቀው ደንበኛ «ያ ሀቢቢ» ይላል።

ታላላቆቻችን ይህን ሰምተው ያልፉ ነበር። የእኛ ትውልድ ግን ቆም ብሎ «ምን አገናኘንና ነው ማሬ የምትለኝ?» ይላል። ትልልቆቹ «የዛሬ ልጆች ሆደ ባሻ ሆኑ» ይላሉ። ልጆቹ «ድሮም ይከፋ ነበር፤ ዝም ስለተባለ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ማናቸው ናቸው ልክ?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከሰፈራችን መስጂድ ትንሽ ወረድ ብሎ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሰውን ሁሉ «የኔ ጌታ»፣ «የኔ እመቤት» እያሉ ነው የሚያስተናግዱት። ያን ሰሞን ደርስ ጀምሬ ነበር። ያወቅኩት ትንሽ ነው፤ ድምፄ ግን ትልቅ ነበር። አንድ ጁሙዓ ከሶላት ወጥቼ ሽንኩርት ስገዛ «እንካ የኔ ጌታ» አሉኝ። እኔም ሰው በተሰበሰበበት «ጌታዬ አላህ ነው! ሁለተኛ እንዲህ እንዳይሉኝ!» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። በሳምንቱ ስሄድ ሽንኩርቱን መዘኑ፣ መልሱን ቆጥረው ሰጡኝ፤ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ከእኔ በፊት የገዛው ልጅ ግን ቃሪያም ተጨምሮለት፣ ተመርቆም ነበር የሄደው።

በአማርኛችን «ጌታ» የተከበረ ሰውም ይባልበታል። እሳቸው ሊያከብሩኝ እንጂ ሌላ ነገር አስበው አልነበረም። ቃሉ ቢከብደኝ እንኳ የምነግርበት ሌላ መንገድ ነበረኝ።

አሁን ወደ ቁርኣን እንመለስ። ሶሓቦች ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) «ራዒና» ይሏቸው ነበር። «ተጠባበቀን፣ አድምጠን» እንደማለት ነው። በእነሱ ልብ ምንም ክፋት አልነበረም። ሌሎች ግን ያንኑ ቃል አጣመው ለስድብ ተጠቀሙበት። በሱረቱል በቀራ 104ኛው አያ አላህ ምእመናኑን ይህን ቃል ትተው «ኡንዙርና» እንዲሉ አዘዛቸው። ሱብሃነላህ! ኒያቸው የጠራ ሰዎች ናቸው ቃል ቀይሩ የተባሉት። ስለዚህ ወንድሜ፣ «እኔ በክፋት አላልኩትም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቃል በጊዜ ውስጥ ይቆሽሻል። ትናንት ንጹህ የነበረው ዛሬ የሚያሳፍር ሊሆን ይችላል።

ሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አያ በመጥፎ ቅጽል ስም ከመጠራራት ይከለክለናል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ይህ የወረደው በመዲናዎቹ በኑ ሰሊማ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሦስት ስም ነበረው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንዱን በአንድ ስሙ ሲጠሩት «በዚህ ስም ሲጠሩት ይቆጣል» ይሏቸው ነበር። አስተውሉ፤ ነገሩ የታየው በተጠሪው ልብ ነው። ጠሪው ስሙን ቢወደውም ባይወደውም፣ የሚሸከመው ተጠሪው ነው።

ያው አንድ ቃል ደግሞ እንደ አፉ ይለያያል። ዓሊይ (ረ.ዐ) ከቤት ቅር ብሏቸው ወጥተው መስጂድ ውስጥ ተኝተው ነበር። ኩታቸው ከጎናቸው ወርዶ አፈር ነክቷቸዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡና አፈሩን እያራገፉላቸው «አቡ ቱራብ» ብለው ጠሯቸው፤ የአፈር አባት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዓሊይ ከዚህ ስም የሚበልጥባቸው አልነበረም። ቆይቶ ግን ጠላቶቻቸው ያንኑ ስም ለማንቋሸሽ ተጠቀሙበት። ስሙ አልተቀየረም። የተቀየረው የጠሪው ልብ ነው። አንዱ እጁ አፈር ያራግፋል፣ ሌላው አፈር ይበትናል።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ።

የመጀመሪያው ለተናጋሪው ነው። ወንድሜ፣ ታክሲ ላይም ሥራ፣ ሱቅም ክፈት፣ የማታውቃትን ልጅ «ማሬ»፣ «የኔ ቆንጆ» አትበላት። ፊቷ ሲጠቁር እያየህ «ቀልድ እኮ ነው፣ ምን ሆነሻል?» ብለህ ስትደግመው፣ ያኔ ኒያህም ተበላሽቷል። «እህቴ» በቂ ነው። እህቶችሽም እንዲህ ሲባሉ «ዝም በዪ፣ ምን አለበት» አትበያቸው። «እንዲህ አትበለኝ» ማለት ጥጋብ አይደለም፤ ሐያእ ነው፤ መብትም ነው።

ሁለተኛው ለሰሚው ነው። ያው ሱረቱል ሑጁራት በቀጣዩ አያ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ያዘናል። መንገድሽን ዘግቶ «የኔ ቆንጆ» የሚልሽ ጎረምሳና ነጠላቸውን እያስተካከሉ «የኔ ቆንጆ፣ አሻግሪኝ» የሚሉሽ እናት አንድ አይደሉም። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ሰው ፍትሕ አጓደለ። ያልገባውን ሰው ለብቻው፣ በለሰለሰ ቃል ንገረው። የራሕማን ባሮች መሃይም እንኳ ሲናገራቸው በሰላም ነው የሚያልፉት፤ በሱረቱል ፉርቃን 63ኛው አያ እንደተነገረን። ሊያከብሩህ የፈለጉ እናትንማ እንዴት አድርገህ ልትመልስ ይገባህ ነበር?

ይህን ጥያቄ ለራሴ ያቀረብኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን ኡስታዙ የአነስን (ረ.ዐ) ሐዲስ አስተማሩን። አነስ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ያገለገሉ ናቸው እንጂ ልጃቸው አልነበሩም። ነብዩ ግን «ያ ቡነይ» ይሏቸው ነበር፤ «ልጄዋ» እንደማለት ነው። ያን ስሰማ ትዝ ያሉኝ የሽንኩርቷ እናት ናቸው። ያልወለዱትን በፍቅር መጥራት ሱና ውስጥ አለ፤ እኔ ያንን በር ነው በፊታቸው ላይ የዘጋሁት።

ከደርሱ ወጥቼ ሄድኩ። «እማማ፣ ያኔ ሰው ፊት ስላሳፈርኩዎት ይቅር ይበሉኝ። ያቺ ቃል ስለምትከብደኝ ነው፤ ‹ልጄ› ቢሉኝ ደስ ይለኛል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «እኔስ አጥፍቼ መስሎኝ ፈርቼህ ነበር» አሉኝ። አንዲት አሮጊት እኔን ፈርተው ነው የከረሙት! ያ ቃል እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ እንያዝ። የምትጠሩበት ቃል የሚከብደው ሰው ካለ «ምን ብዬ ብጠራህ ደስ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በቃል ያሳፈራችሁት ሰው ካለም፣ ሳይመሽ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁት።

ያ አላህ! ምላሳችንን ሰው ከሚሰብር ቃል ጠብቅልን፤ ልባችንንም ሰውን በክፉ ከመጠርጠር አጽዳልን። ያሳፈርናቸውን ሰዎች ይቅርታ ሳንጠይቅ አትውሰደን። አሚን።