ቀላሉን ብረት ማንሳት

ሱሉልታ በማለዳ የወጣ ሰው በቡድን የሚሮጡ ወጣቶችን ሳያይ አይመለስም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የረጅም ርቀት ሯጮች ይመርጧታል። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያመጣልን ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚያው ነው። ከእናንተም መካከል በሱሉልታ ሜዳ የሮጣችሁ፣ በቡራዩና በሰበታ ኳስ የተጫወታችሁ አላችሁ። አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ጂም ገብታችኋል፤ ጂም ያጣችሁም ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልታችሁ በጓሮ ብረት መግፋት ጀምራችኋል።

«ይህ ለአማኝ ወጣት ይገባል ወይ?» የሚል ጥያቄ በወጣቶች ኅብረት ይነሣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሰውነትን ልምምድ ከመንፈሳዊ ሕይወት በታች አስቀምጦታል፤ ከንቱ ነው ግን አላለም። የኢስትሚያ ጨዋታዎች በየሁለት ዓመቱ ይካሄዱበት በነበረው አካባቢ ለሚኖሩት የቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍማ ሯጩንና ቦክሰኛውን ምሳሌ አድርጓቸዋል። እንግዲህ ጥያቄው «ይገባል ወይ?» ሳይሆን «በምን ልብ?» የሚለው ነው።

ስፖርተኛ ሆኖ ብረት የሚጀምር ወጣት የራሱ ፈተና አለበት። ልቡና ሳንባው ጠንካራ ነው፤ ድካም መቻልንም ለምዷል። ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ግን ሩጫ ስለቻለ ብቻ ለከባድ ብረት አልተዘጋጀም፤ ከጡንቻም ይልቅ ቀስ ብሎ ይጠነክራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጉልበት ጭማሪ እንኳ በአብዛኛው ጡንቻ አድጎ ሳይሆን አንጎልና ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለተማሩ ነው። «ብረት ቁመት ያስቀራል» የሚባለው አሠልጣኝ ባለበት በልክ ለሚሠራ ወጣት እውነት አይደለም። ጉዳት የሚመጣው ከአቅም በላይ ሲነሣና አነሣሡ ሲበላሽ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ የሚበጀው አቋም ሳይበላሽ ከ10 እስከ 15 ጊዜ የሚነሣ ክብደት፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በመካከሉም ዕረፍት ነው።

ችግሩ ቀላል ብረት ማሳፈሩ ነው። በሩጫ ጥላችሁት የምትሄዱት ልጅ እናንተ የያዛችሁትን እጥፍ ሲያነሣ ታያላችሁ።

ብዙ ጊዜ «ማንም ባያየኝ እሠራው ነበር ወይ?» ብላችሁ ልባችሁን እንድትፈትሹ ትመከራላችሁ። መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ብቻን ሆኖ ትሑት መሆን አይከብድም። የሚከብደው «ሰው እያየኝ ቀላሉን ማንሳት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ወገቡ እየተጣመመ ከአቅሙ በላይ የሚያነሣ ሰው በአፉ ባይናገርም በሰውነቱ ይዋሻል፤ የሌለውን እንዳለው ያሳያል።

ትሕትና ግን ራስን ማሳነስ አይደለም። የቀለላችሁን ብረት ሳትጨምሩበት ለወራት ብትቆዩ ያም መክሊትን መቅበር ነው። ትሕትና እውነተኛ ልክን ማወቅ ነው፤ ዛሬ 10 ኪሎ ከሆነ 10፣ ከርሞ 30 ከሆነ 30።

ደግሞስ ጉልበቱ ለማን ነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ውኃ በሚጠፋባቸው ሰፈሮች ይህን ተሸክመው ዳገት የሚወጡት ብዙ ጊዜ እናቶችና እኅቶች ናቸው፤ ማንም ግን ስፖርተኛ አይላቸውም። ከጂም ወጥቶ ጀሪካኑን አልፎ የሚሄድ ወጣት ጡንቻው አድጓል እንጂ ጉልበቱ ለማንም አልደረሰም። ሳምሶንን አስታውሱ፤ የጎደለው ጉልበት አልነበረም።

እንግዲህ ጀምሩ። አሠልጣኝ ፈልጉ፤ ዕረፍታችሁንና እንቅልፋችሁን ጠብቁ። አጠገባችሁ ያለው የበለጠ ሲያነሣ ደስ ይበላችሁ። ቤት ስትደርሱም ጀሪካኑን ተቀበሉ።