ያሸነፈ ሰው ምን ይማራል?

ልምድ ታላቅ መምህር ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተን አድገናል። አባባሉ በብዙ ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ልምድ ተማሪውን የሚያታልልበትም ሥራ አለ። ለዚህ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ በምሳሌነት እናነሣለን። ቁማርን ለማመስገን እንዳልተነሣን አንባቢ ይረዳልን፤ ቁማር ያፈረሰውን ቤት እኛም አይተናል።

ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሮቹ ሁሉ በፊቱ ናቸው። ቢሸነፍ ወደ ኋላ ተመልሶ የቱ ላይ እንደ ሳተ ሊያገኘው ይችላል። በፖከር ግን የባላጋራው ካርታ የተሸሸገ ነው፤ ገና የሚወጣውንም ካርታ የሚያውቅ የለም። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው ዐይነት፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ካርታ፣ ማለት ሁለት አስ፣ የያዘ ሰው ያለውን ገንዘብ ሁሉ መደበ እንበል። ሁለት ሰባት የያዘው ባላጋራ ሳያመዛዝን ቢከተለው፣ አስ የያዘው ምንም ሳያጠፋ ከ5 ጊዜ 1 ጊዜ ያህል ይሸነፋል። ታዲያ ያ ባላጋራ ገንዘቡን ሰብስቦ ሲነሣ ምን ተምሮ ይሄዳል? ድፍረት እንደሚያዋጣ ተምሬአለሁ ይላል፤ የተማረው ግን ስሕተትን ነው፤ ድሉም ስለ ሸለመለት ነገ ይደግመዋል። ተሸናፊው ደግሞ ትክክለኛውን መንገድ መጠራጠር ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ ብዙ ዘመን በጠረጴዛው ዙሪያ ያመሸ ሰው ከጀማሪው የሚበልጠው በእልከኝነት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የፖከር ተጫዋች ትምህርት ያለው ከጠረጴዛው ርቆ ነው፤ ያለፈውን ጨዋታ ጽፎ መመርመር፣ ማስላት፣ ወዳጁንም «ስንት አገኘሁ?» ሳይሆን «ምን ማድረግ ይገባኝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፎን ኖይማንና ሞርገንሽተርን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. ስለ ጨዋታ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ደካማ ካርታ ይዞ ማስፈራራት እንኳ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የስሌት ጉዳይ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ጥናት ለተሸናፊ ማስረዳት ቀላል ነው። አስቸጋሪው አሸናፊው ነው፤ ኪሱ የሞላ ሰው ጥያቄ አይወድምና።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ አራት የታወቁ የፖከር ባለሙያዎች ሊብራተስ ከተባለ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከተሠራ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር 20 ቀን ተጫወቱ። ካርታው 120,000 ጊዜ ታደለ፤ ፕሮግራሙም በመጫወቻው ሒሳብ ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሸነፈ። እኛን ያስደነቀን ግን ሌሊቱ ነው። ሰዎቹ በየማታው ተሰብስበው የፕሮግራሙን ድክመት ይፈልጉ ነበር። ፕሮግራሙ የእነርሱን ድክመት አልፈለገም፤ ቀን ሰዎቹ የገቡበትን የራሱን ቀዳዳ ሲደፍን ያድር ነበር። እየመራ ሳለም ይህን ሥራ አላቋረጠም።