ከብት የማይሸጥላችሁን ሰው ፈልጉ

ልጆቼ፣ ከዓረብ አገር ባጠራቀማችሁት ገንዘብም ይሁን በማኅበር ተደራጅታችሁ ባገኛችሁት ብድር ከብት ማድለብ የምትጀምሩ ሁሉ፣ በረት ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ሰው ፈልጉ። ሥራውን ኖሮበት ያወቀ፣ ዛሬም በእጁ ፋጉሎ የሚያሻ ሰው ይሁን። ቆርቆሮውና ግርግሙ ይደርሳል። ብዙዎቻችሁ ግን ገንዘቡ እጃችሁ እንደገባ ቀጥታ ገበያ ትወርዳላችሁ፤ እዚያ የሚቀበላችሁ ደግሞ ደላላ ነው። ደላላ ክፉ ነው አልልም፣ እንጀራው ነው። ነገር ግን ኪሱ የሚሞላው እናንተ ስትገዙ ስለሆነ "ይሄን ከብት ተዉት" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። እኔ መካሪ የምለው ያንን ቃል የሚናገረውን ሰው ነው።

በዚህ ላይ ጥብቅ ሁኑ። ከብት የሚሸጥላችሁ፣ መኖ የሚያቀርብላችሁ፣ ያደለባችሁትን የሚረከባችሁ ሰው ወዳጃችሁ ይሁን፤ ቡናም አብራችሁ ጠጡ። መካሪያችሁ ግን አይሁን። በእናንተ ግዢ የማያተርፍ፣ በእናንተም ኪሳራ የማይጠቀም ሰው አዳማም ሞጆም አይጠፋም። ጎረቤት ያለ አድላቢ ቢሆን እንኳ አትፍሩት። ገበያው ለሁላችሁም ይበቃል፤ እንዲያውም ሁለት ሆናችሁ አንድ አይሱዙ ስትሞሉ የጭነቱ ወጪ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ለመሆኑ ይህ ሰው ገበያ ላይ ምን ያያል? መጀመሪያ አፍ ያስከፍታል። ሁለት ቋሚ ጥርስ ያወጣ ወይፈን ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ጥርሱ ሞልቶ ማለቅ የጀመረው ደግሞ ብዙ ዘመን ያረሰ በሬ ነው፣ የምታበሉትን ያህል ሥጋ አይመልስም። ቀጥሎ ክሳቱን ይመረምራል። ክሳት ሁሉ አንድ አይደለም። ድርቅ ያከሳው የቦረና ኮርማ አጥንቱ ሰፊ፣ ዓይኑ ንቁ ነው፤ መኖ ሲያገኝ ያጣውን ሥጋ ቶሎ ይመልሳል፤ የአድላቢ ትርፍ ያለው እዚያ ላይ ነው። በሽታ ያከሳው ግን ጠጉሩ ይቆማል፣ ያስላል፣ ከመንጋው ራቅ ብሎ ይቆዝማል። ዋጋው ረከስ ስለሚል ጀማሪን የሚስበው ይኸኛው ነው። ሌላም አለ፤ ጠዋት ጨው አልሰው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ሆዱን ነፍተው የሚያቀርቡት ከብት። ልምድ ያለው ሰው ሆዱን ትቶ የጀርባውን ሥጋ፣ የጎድኑን መሸፈንና የጭራውን ሥር በእጁ ይዳስሳል። ውሃ እዚያ አይደርስም። ይህን በጽሑፍ ስነግራችሁ ቀላል ይመስላል፤ እጃችሁ የሚያውቀው ግን ከሰውየው ጎን ቆማችሁ፣ እሱ የዳሰሰውን ከኋላው እየዳሰሳችሁ፣ ምንም ሳትገዙ ብዙ ገበያ ከዋላችሁ በኋላ ነው።

ሐረርጌ ውስጥ መካሪ ፍለጋ የሚሄድ ልጅ የለም። ጥቅጥቅ ብሎ ከተዘራው ማሽላ እየሳሳ የሚነቀለውን ቡቃያ ለታሰረው ሰንጋ በእጁ እያጎረሰ ያድጋል፤ አባቱ ሲሸጥም አጠገቡ ነው። የሐረር ሰንጋን ስም ያስጠራው ይህ ከልጅነት የጀመረ ትምህርት ነው። እናንተ ግን አብዛኞቻችሁ ከተማ ያደጋችሁ ናችሁ፤ ያልወረሳችሁትን በልመናም ቢሆን ማግኘት አለባችሁ። ሐረርጌ ሄዳችሁ ያያችሁትንም እንዳለ አታምጡት። አንድና ሁለት ሰንጋ በእጅ የማጉረስ ዘዴ ሃምሳ ከብት ለሚያስር ሰው አይሆንም። መካሪያችሁን ከሰፈራችሁ፣ መጠኑም ወደ እናንተ ከሚቀርብ ሰው ምረጡ።

ከዚያ ሒሳብ አለ። ጀማሪ የከብቱን ዋጋ ያሰላል፣ መኖውን ግን "እየገዛሁ እሰጣለሁ" ብሎ ይተወዋል። 250 ኪሎ የሚመዝን ወይፈን በቀን 7 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል እንበል። አሥር ወይፈን ለ90 ቀን ሲያዝ 63 ኩንታል ማለት ነው። ጭዱና ድርቆሹ ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ርካሽ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ኪስ ያራቁታል። ፋጉሎው፣ ፉርሽካው፣ ከወንጂና ከመተሐራ የሚመጣው ሞላሰስ ሁሉ የራሱ ወቅትና የራሱ ሰው አለው። መካሪያችሁ ከማን ዘንድ ያልሻገተ ፋጉሎ እንደሚገኝ ያውቃል፤ ይዟችሁ ከሄደ ደግሞ ነጋዴው እናንተን በእሱ ዓይን ያያችኋል። አዲስ ሰው በገንዘብ የማይገዛው ነገር ቢኖር ይህ ነው። አበላሉንም ይነግራችኋል፦ የመጣ ከብት በጭድና በድርቆሽ ይጀምራል፣ ጠንካራው መኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ቶሎ ይወፍር ብሎ ባንድ ጊዜ እህል የሚያፈስለት ሰው ከብቱን ሊገድለው ይችላል።

የቀን መቁጠሪያውንም ጠይቁት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ሦስት ወር የሚደልብ ሰንጋ ለፋሲካ እንዲደርስ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ወር ገደማ ቀድሞ መታሰር አለበት። በጾሙ መሐል ለመሸጥ የተገደደ ሰው ዋጋ የሚነግረው ገዢው ነው። ዐረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል፤ ለእርዱም የሚፈለገው ሁለት ዓመት የሞላው፣ ያልታወረ፣ የማያነክስ ከብት ነው። ለዐረፋ እያሰባችሁ ሸኮናው የተጎዳ ኮርማ በርካሽ ብትገዙ ተሸካሚው እናንተ ናችሁ።

አዲስ የገባ ከብት ከነባሮቹ ተለይቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ ሲላችሁ ቦታ የለኝም አትበሉት። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የመጣው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨርሶ ክፉ ቀን የሚባለውን ረኀብ አስከተለ። ያ በሽታ በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ አፍ ተግርና የሳንባ በሽታ ግን ዛሬም አሉ። በዚህ ረገድ መካሪያችሁም ወሰን አለው። መርፌ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሽማግሌ ካጋጠማችሁ ስለ ገበያ ስሙት፣ ስለ መድኃኒት ግን የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ክትባትም ሆነ ከመድኃኒት በኋላ ከብቱ ሳይታረድ የሚቆይበት ቀን የሐኪሙ ጉዳይ ነው።

ሰውየውን እንዴት ትይዙታላችሁ? "ምስጢሩን ንገሩኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። በማለዳ በረቱ ሂዱ፣ አካፋ ያዙ፣ ግርግም ጥረጉ፣ ከብት ሲጭን እርዱት። እኔ እዚህ አካባቢ ሲሳካላቸው ያየኋቸው ወጣቶች፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ እንዲህ የገቡ ናቸው። ደብተር ይኑራችሁ፤ የገዛችሁበትን ቀን፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ መኖ፣ የሞተውን ሳይቀር ጻፉና አሳዩት። ያልተጻፈ ኪሳራ ላይ ማንም ሊመክራችሁ አይችልም። እሱ ያላችሁን ሁሉ ተቀበሉ አልልም፤ በሐሳብ ስትለዩ ግን ምክንያታችሁን ፊት ለፊት ንገሩት፤ ተደብቃችሁ ገዝታችሁ "ይሄው" አትበሉት። የመጀመሪያውን ዙርም እሱ በሚላችሁ ቁጥር ያዙ፤ ብድሩ ለሃያ ቢበቃም አምስት ካላችሁ አምስት ነው።

እሱ ዘንድ መሄጃው ከብቱን ከገዛችሁ በኋላ አይደለም። ድርቆሽ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ያኔ ሂዱና የእሱን ድርቆሽ ስትከምሩለት የእናንተን 63 ኩንታል አብራችሁ አስቡ።