የግድግዳ ኃጢአት

ቤት ኃጢአት ይወርሳል? ድንጋይና ኖራ ምን ያውቃል ይባል ይሆናል። እኔን ግን ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

ያደግሁት ኮልፌ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን እንደ ተቀበልሁ ለአያቴ የብሔራዊ ቴአትር ትኬት ገዛሁላቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ትኬቱን አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«ልጄ፣ እዚያ ቤት አልገባም። የጣሊያን መሠረት ነው።»

ታላቅ ወንድማቸው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም።

ስለ ቤቱ የተናገሩት እውነት ነው። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሕንፃ በወረራው ዘመን «ሲኒማ ማርኮኒ» ተብሎ በጣሊያኖች እጅ የተጀመረ ነው። ተስፋፍቶ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ነው።

እኔም በወጣትነት ድፍረት ተከራከርኋቸው። «መርካቶስ? ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ፣ የአገሬው ሰው ለብቻው ይገበይ ብሎ እዚያ የተከለው ጣሊያን አይደለም? እርስዎ ግን በየሳምንቱ ወርደው ይሸምታሉ» አልኋቸው።

«መርካቶ እንጀራዬ ነው» አሉኝ። «ቴአትር ግን ደስታ ነው። ሰው በችግሩ የማይረግጠው የለም። ለመሳቅ ብዬ ግን የወንድሜን ገዳይ ደጅ አልረግጥም።»

መልስ አጣሁ። እንጀራና ደስታ በአንድ ሚዛን እንደማይመዘኑ ያን ቀን ገባኝ። ሆኖም በልቤ አልተረታሁም። ያን መድረክ ይህን ሁሉ ዘመን የሞላው የእኛ ቋንቋ፣ የእኛ ሳቅና ልቅሶ ነው። ብንተወው ለማን እንተወዋለን?

ቤቱ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ዳዊት የኦርዮንን ሚስት ወሰደ፣ ባሏንም አስገደለ። ነቢዩ ናታን ሲመጣ ዙፋኑን አላፈረሰም፤ በደሉን ግን ፊት ለፊት ነገረው። ንስሐ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለግድግዳም የሚሠራው ይኸው ይመስለኛል። ድንጋይ ኃጢአት የለውም። ኃጢአቱ የእኛ መርሳት ነው። አያቴ ባለመግባታቸው ወንድማቸውን አስታወሱ። የምንገባው እኛ ደግሞ ሳንረሳ መግባት አለብን።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ልጄን መጀመሪያ ወደዚያ የወሰድኋት ቀን፣ ከመግባታችን በፊት ደጁ ላይ አቁሜ ስለ አያቴ ወንድም ነገርኋት። ቴአትሩ ሊጀመር ነው ብላ እጄን ጎተተችኝ። ታሪኩን ጨርሼ ገባን።